ቀትር ላይ የመጡት ሽማግሌዎች

ቱሉ ዲምቱ ከምንኖርበት ብሎክ ሥር ሱቅ አለ። ባለሱቁ የስልጤ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ስለ በረሃ ግን አንድም ነገር የማያውቅ። አንድ ቀን ጠዋት ስኳር እየመዘነልኝ፣

«እትዬ፣ እዚያ እናንተ አገር፣ ድሬዳዋ፣ የሚጠጣ ውሃ አለ እንዴ? ግመል ብቻ ነው ሲሉ እሰማለሁ» አለኝ።

ከኋላዬ የቆሙት ጎረቤቶቼ ሳቁ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እንዳለ ትቼ ዞር አልኩና ጀመርኩላቸው። ተናግሬ ሳልጨርስ ለሥራ የሚሳፈሩበት ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፤ አንደኛዋ ጎረቤቴ በእኔ ምክንያት ከሥራ አርፍዳ አለቃዋ እንደተቆጣት እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። እንኳንም አረፈደች። ቢያንስ አንድ ነገር አውቃ ሄደች።

የነገርኳቸው እንዲህ ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡር ዳገት ስላቃተው ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። መሐንዲሶቹ ተራራውን ቀና ብለው አዩና ተስፋ ቆረጡ፤ ጣቢያቸውንም ከተራራው ሥር፣ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ይዘው ይወርዱበት በነበረ ሜዳ ላይ ተከሉ። ከተማዋ መጀመሪያ የተጠራችውም አዲስ ሐረር ተብላ ነው። አዲስ የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ብቻ የተሰጠ ለሚመስላቸው ጎረቤቶቼ ይህን ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። ባቡሩ አቃቂ ደርሶ ከመንፋቱ ከብዙ ዓመት በፊት ድሬ ጣቢያና ጋራዥ ነበራት፤ ወደ እናንተ የመጣው ከእኛ ተነስቶ ነው አልኳቸው።

ደግሞ ወንዛችንን ነገርኳቸው። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ከዚራ ነው፣ ጎዳናው በማስመሪያ የተሰመረ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፤ በሌላው ወገን መጋላ ነው፣ ገበያውና ጠባብ መንገዱ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ዕቃ ይዘረጋበታል፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከዚያ አንድ ቀን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ፀሐይዋም እንደ ወትሮዋ እያቃጠለች፣ ከተራራው በኩል ጎርፍ ደርሶ ከች ይላል። ለዚህ ነው የድሬ ሰው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማወቅ አናቱ ላይ ያለውን ሰማይ የማያየው፤ የሚያየው ወደ ሐረር ተራራ ነው። ወንዙ ሰው የወሰደበት፣ ቤት ያፈረሰበት ጊዜም አለ። በዚያ አልኮራም፤ ግን የከተማዬ ነገር ስለሆነ አልደብቀውም።

ለባለሱቁ ጥያቄም መልስ ሰጠሁት። በረሃው ከላይ ደረቅ ነው እንጂ ከሥሩ ውሃ ነው። ሳቢያን በሚባለው ሰፈር በኩል የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከተማውን ሲያጠጡ ኖረዋል። ውሃው ትንሽ ይከብዳል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ያስቀራል። ከዚያ ወጣ ብሎ ደግሞ ዋሻ አለ፣ ፈረንጆቹ በቋንቋቸው ጃርት ብለው የሰየሙት። እዚያ ውስጥ ሰው ከመቼ ጀምሮ ቀይ አፈር እየፈጨ ይቀባ እንደነበር ሲናገሩ ቁጥሩ ራሱ አፍ ያስይዛል። «ሰው እንዴት በረሃ ይኖራል?» ስትሉ፣ ከእናንተ በፊት ይኖር የነበረው እዚያ ነው አልኳቸውና ስኳሬን ይዤ ደረጃዬን ወጣሁ።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት ይቀርጽ ነበር። ፈረንሳይኛውን ከሥራው፣ ሶማሊኛውን ከሰፈሩ፣ ኦሮምኛውን ከእናቱ ያገኘ ሰው ነበር፤ በአማርኛ ይቆጣ ነበር። ምሽት ምሽት፣ ሲነፍስ፣ እጄን ይዞኝ ከዚራን ያዞረኝ ነበር። እያንዳንዱ ሕንፃ ፊት ይቆምና የማን እንደነበር፣ የግሪክ ይሁን የአርመን ወይ የየመን ሰው፣ ምን ይሸጥበት እንደነበር ይነግረኛል። ትምህርት ቤት እነዚህን ነገሮች ለመምህሬ ስደግም መምህሬ አያምነኝም ነበር። አባቴ በዚህ አይናደድም፤ «እሱ የደጋ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ይገባዋል» ይለኝ ነበር።

ለጎረቤቶቼ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነው፤ የቀትር እንቅልፋችን። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝና አስር ሰዓት ድሬ ትዘጋለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ጎዳናው ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ያለበት ቦታ ይተኛል። ሰነፍ ሆነን አይደለም። ከንጋት በፊት ተነስተን እንሠራለን፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ደግሞ እስከ ማታ እንሠራለን፤ መሐል ላይ ያለውን ለፀሐይዋ እንተውላታለን። በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። ይህን ሱቅ ደጃፍ ላይ ያልተናገርኩት ስለሚስቁብኝ አይደለም። ትዳሬን ገደል ሊከት ስለነበረ፣ በሁለት ደቂቃ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ነገሩ። አንድ የአቃቂ በሰቃ ልጅ፣ የባቡር ሜካኒክ፣ ለሥልጠና ወደ አባቴ ጋራዥ ተላከ። አባቴ እንግዳ አይችልም፤ ማለቴ ሰው እንግዳ ሆኖ ሲቆይ ማየት አይችልም። በመጀመሪያው እሁድ ቤት አመጣው። ልጁ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ያቀረብንለትን ውሃ ሁሉ እየጨለጠ ተቀመጠ። አባቴ ስለ ሐዲዱ ሲያወራ ግን ዓይኑን አልነቀለም። እኔም ስለ ወንዙ ስነግረው፣ «እውነት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አላሾፈም። በማግሥቱ ሥራ ሲጨርስ ሄዶ አሸዋው ላይ ቆሞ ተራራውን ሲያይ አገኘሁት። እኔን የያዘኝ ያ ነው። ስንት ሰው አይቻለሁ፣ የነገርኩትን ሄዶ የሚያይ ግን አላየሁም ነበር።

ሥልጠናው አልቆ ወደ አቃቂ ሲመለስ ለመጋባት ተስማምተናል። አባቴ ሲሰማ፣ «በሽማግሌ ይምጣ፤ ያኔ እሰማለሁ» አለ። የልጁ አባት ዘንድ ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። አማቼ አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ሸማኔ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በፋብሪካ ጡሩንባ ተነስተው በፋብሪካ ጡሩንባ የገቡ፣ ከሞጆ ወዲያ ወርደው የማያውቁ። በረሃ ያደገች ልጅ የአቃቂን ብርድ አትችለውም ባይ ነበሩ። ልጃቸው ለምኖ ለምኖ ካሳመናቸው በኋላ እንኳ አንድ ነገር አስረገጡ። ባቡር ላይ የሚሠራ ጓደኛው መልእክቱን በቃል አመጣልኝ፦ «አባቴ አንድ ጊዜ እሄዳለሁ ብሏል። ፊት ከነሱኝ ሁለተኛ ስሟ እኔ ቤት አይነሳም ብሏል። እና ራሱ ነው የሚመጣው።»

ችግሩ «አንድ ጊዜ» መባሉ ላይ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ደግ የሚባለው ቤተሰብ እንኳ «ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ» ይላል። የአክስቴን ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው የወሰዷት፤ አክስቴ ይህን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትናገር ነበር። ልጅ ቶሎ የሰጠ አባት፣ ልጁ ትርፍ ሆናበት ነው ይባላል። አባቴ ደግሞ ስሙን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰውየው ሁለተኛ እንደማይመጡ ልንገረው? ሴት ልጅ ስለ ራሷ ሽማግሌ አፏን አትከፍትም። ነገሩን ለብቻዬ ይዤ በየቀኑ ከሳሁ።

ቀኑ እሁድ ነበር። ቅዳሜ ማታ አቃቂ ተሳፍረው ጠዋት ድሬ መግባት ነበረባቸው። እናቴ ከንጋት ጀምሮ ስትሠራ አረፈደች። አባቴ ሱፍ ልብሱን ለበሰ፣ ከረባት አሰረ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። አባቴ ጣቢያ ሰው ላከ። «አዋሽ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ዛሬ መድረሱንም እንጃ» የሚል መልስ መጣ። ባቡራችንን እንወደዋለን፤ ግን ተበላሸ ሲባል የምንደነግጥ ሰዎች አይደለንም። ስድስት ሰዓት ሲሆን አባቴ ሱፉን ሰቀለ፣ ሽርጡን አገለደመ፣ በካናቴራ ብቻ ሆኖ ጓሮ ዛፉ ሥር ሄዶ ተኛ። እናቴ ነጠላዋን ውሃ ነክራ ላይዋ ላይ ጣለችና ሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ ጋደም አለች። ሁለቱንም እንቅልፍ ወዲያው ወሰዳቸው።

እኔ እንቅልፍ ከየት አመጣለሁ? መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስቆዝም ባቡር ሲነፋ ሰማሁ፤ የዕቃ ባቡር መስሎኝ ተውኩት።

በኋላ አማቼ ሲያወሩት ያስቁናል፤ ያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ከባቡር ሲወርዱ የሚቀበላቸው ሰው የለም። የጋሪ ነጂዎቹ ጋሪያቸው ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ። «አንድ ትልቅ ሰው ሞቶ ከተማው ለቅሶ የሄደ መሰለኝ» ይላሉ። አድራሻ የሚጠይቁት ሰው አጥተው፣ ልጃቸው በነገራቸው ምልክት ብቻ እየተመሩ፣ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው መጡ። ሦስት ናቸው፤ አማቼ፣ የባለቤቴ አጎት፣ እና በዕድሜ ትልቁ፣ የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ። ሦስቱም ከአቃቂ ብርድ እንደወጡ ናቸው፤ ካፖርት፣ በላዩ ላይ ጋቢ።

በሩ ተንኳኳ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁና በሩ ሥር ደርሼ ቆምኩ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ግን ለራሷ ሽማግሌ በር የከፈተች ልጅ ተሰምቶ አይታወቅም! ይህ ወሬ አቃቂ ከደረሰ ዕድሜዬን ሙሉ ሲወራብኝ ይኖራል። ወደ እናቴ ሮጥኩ።

«እማ! እማ ተነሽ፣ መጥተዋል!»

«ተይኝ አቦ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ጠንከር ብሎ። ከዚያ የማላውቀው፣ ወፈር ያለ ድምፅ ከውጭ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦

«በቀን በብርሃን ዘግተውብናል። መልሳቸው ይኸው ነው። እንሂድ።»

እግራቸው ሲርቅ ይሰማኛል። ሌላ መላ አላገኘሁም፤ የትልቁን ድስት ክዳን አንስቼ ሲሚንቶው ላይ፣ ልክ ከእናቴ ጆሮ አጠገብ ለቀቅኩት። እናቴ «ምን ተሰበረ!» ብላ ተነሳች። «ሽማግሌዎቹ እየሄዱ ነው» አልኳት። እናቴ በባዶ እግሯ፣ እርጥቡን ነጠላ እየጎተተች፣ በሚያቃጥለው አስፋልት ላይ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ደርሳባቸው እየለመነች መለሰቻቸው። እኔ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

ገቡ፤ ግን የገቡት እስከ ግቢው መሐል ነው። አምስት እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ ጥላ አለ። አይሉም። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር፣ ግባ ሳይባል፣ ቁጭ አይልም። ፀሐዩ ላይ ቀጥ ብለው ተደረደሩ። እናቴ በጆግ ውሃ፣ በትሪ ብርጭቆ ይዛ ወጣች።

«እንዴት ደረቃችሁ! ጠጡ፣ ጠጡ አባቶቼ» አለች።

አማቼ እጃቸውን አነሱ። «እመት፣ አይቀየሙ። የመጣንበት ጉዳይ ሳይመለስ እህል ውሃ አንቀምስም።»

«ውሃ እኮ ነው!»

«ውሃም ቢሆን።»

እናቴ መቆጣት ጀመረች። እናቴን ማወቅ ያስፈልጋል። የድሬ ሴት ቤቷ የገባ ሰው ውሃ አልጠጣም ሲላት ፊቷ ላይ እንደ ተተፋባት ትቆጥረዋለች። እዚያ አገር በቀትር ለመጣ ሰው ማን ነህ ከማለት በፊት ውሃ ይሰጠዋል፤ ጠላትም ቢሆን ይጠጣና ነው ጠቡ የሚቀጥለው።

«አባቴ፣ እዚህ አገር ውሃ ያልጠጣን ሰው ምን ፈለግክ አንለውም። መጀመሪያ ይጠጡ፣ ከዚያ ይናገሩ» አለች።

«በእኛ አገር መጀመሪያ ነው የምንናገረው፣ ከዚያ ነው የምንጠጣው።»

እንዲህ ተፋጠጡ። እናቴ ውሃ ይዛ ቆማለች፣ እነሱ ደርቀው ቆመዋል። ሁለቱም ወገን ለእኔ ክብር ብሎ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ግንባራቸው ላይ ላብ የለም፤ ከመጋረጃው ኋላ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። በድሬ ላብ ያቆመ ሰው ለመውደቅ ምንም አልቀረውም። እናቴም አየች፤ ጆጉን ወደ እሳቸው አስጠጋችው።

ያኔ አባቴ ጓሮውን ዞሮ መጣ። ሽርጥ እንዳገለደመ፣ በካናቴራ፣ ፀጉሩ በአንድ ወገን ተኝቶ። የአቃቂ ሽማግሌዎች የሚጠይቁትን ሰው በሱፍ ልብስ ነው የጠበቁት። አጎትየው ከላይ እስከ ታች አዩትና ዓይናቸውን ወደ ጣራው አዞሩ። አባቴ ምንም አላፈረም። አንድ በአንድ ሰላም አላቸው፣ ከዚያ ከጥላው ወጥቶ እነሱ የቆሙበት ፀሐይ ላይ፣ ባዶ እግሩን፣ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«እሰማለሁ» አለ።

አማቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚሉትን ባቡር ላይ ሲያጠኑት እንዳደሩ በኋላ ነግረውኛል፤ ከዘር ጀምሮ፣ ሰፈሩን፣ ፋብሪካውን፣ የልጃቸውን ጠባይ ሊዘረዝሩ ነበር። ምላሳቸው ግን ደርቋል። «ልጅዎን ለልጃችን . . . ዘመድ ልንሆን . . .» ብለው ቀጥ አሉ።

አባቴ የሚለውን አውቀዋለሁ። ዘመድ ላማክር፣ ከወር በኋላ ተመለሱ ይላል። እነሱም ውሃ ሳይቀምሱ ወጥተው በፀሐይ ወደ ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ትልቁ ሰውዬ መንገድ ላይ ይወድቃሉ፣ አማቼም የማሉትን አይመልሱም። አባቴ ትልቁን ሽማግሌ አየ። ቆይቶ አማቼን አየ። እናቴን ዞር ብሎ አላያትም፤ ቢያያት በዓይኗ ትከለክለው ነበር።

«ሰጥቻለሁ» አለ። «አሁን ጠጡ።»

እናቴ «እህ!» አለች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ግራ ገባቸው። ሊለምኑ፣ ሊከራከሩ፣ ምናልባትም ሊቀየሙ ነው የመጡት፤ ይህን የሚመልሱበት ንግግር አላዘጋጁም።

«ዘመድ . . . አያማክሩም?» አሉ አማቼ።

«ዘመዶቼ በሙሉ አሁን ተኝተዋል» አለ አባቴ።

ከዚያ ጆጉን ከእናቴ እጅ ወስዶ ራሱ ቀዳ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለአማቼ ነው የሰጣቸው። እሳቸው ተቀብለው ለትልቁ ሽማግሌ አሳለፉ። ሁለተኛውን ለአጎትየው አሳለፉ። ሦስተኛው እጃቸው ሲገባ ሁለቱ ጨርሰው እስኪመልሱ ድረስ ይዘውት ቆሙ፤ ትልቁ ሰውዬ ድጋሚ እንዲቀዳላቸው ምልክት ሲሰጡ ደግሞ የራሳቸውን ሰጧቸው። እሳቸው የጠጡት ከሁሉም በኋላ ነው። ከዚያ ካፖርቱም ጋቢውም ወለቀ፣ ጥላው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ እና ሊመርቁን የሚገባቸው ሽማግሌዎች ሳይመርቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የአቃቂ ሰዎች በቀትር ሲተኙ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። አስር ሰዓት ላይ ተነስተው ፊታቸውን ታጥበው መረቁን፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ እንቅልፉ ጠቅሟቸዋል።

ደስ ብሎኝ መብረር ነበረብኝ። በረርኩም፤ ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ይቆረቁረኝ ጀመር። ማታ አክስቴ መጥታ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ባንድ ቀትር? በውሃ?» ስትል ጓዳ ሆኜ ሰማኋት። የሷን ልጅ ሦስቴ ነው የለመኗት። እናቴም ከአባቴ ጋር አትነጋገርም፤ ሳህን ስታስቀምጥ ድምፁ ይሰማል። እኔስ? እኔም ከሁለቱም ይልቅ ተናድጃለሁ። የፈለግኩትን አግኝቼ፣ ለምን በርካሽ አገኘሁት ብዬ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ጠባዬ ይኸው ነው።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ አባቴ እንደ ልማዳችን አልጋዎቹን ወደ ግቢ ማውጣት ጀመረ። በሙቀት ወር ቤት ውስጥ አንተኛም። እንግዶቹ ሰማይ ሥር ይተኛል ሲባሉ አጎትየው «ጅብስ?» ብለው ጠይቀው እናቴን ከኩርፊያዋ አሳቋት። እኔ የአልጋውን አንድ ጫፍ ይዤ ከአባቴ ጋር ስንወጣ፣ በሩ ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

«አባ፣ የአክስቴን ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው የወሰዷት» አልኩት። «እኔን ግን . . .»

አልጋውን አስቀመጠ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

«ከሁሉም በኋላ የጠጣውን ሰውዬ አየሽው?»

«አየሁ።»

«ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ብርጭቆው እጁ ላይ ነው። አንዴም ሁለቴም ሳይሆን ሦስቴ ለሌላ ሰጠ። ደግሞ እምቢ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ለልጁ ሲል እዚያው ይወድቅ ነበር እንጂ አይጠጣም ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።» ሽርጡን አጠበቀ። «አሥር ጊዜ ባመላልሰው ምን አገኛለሁ? አክስትሽ የምታወራው ወሬ። አንቺ እኮ ሩቅ አገር ነው የምትሄጂው። ብትታመሚ፣ ሆድ ቢብስሽ፣ እኔ ባቡር ጠብቄ፣ ባቡሩ አዋሽ ላይ ተበላሽቶ፣ መቼ ነው የምደርሰው? እስክደርስ ድረስ በኔ ቦታ የሚቆም ሰው ያስፈልገኛል። ዛሬ አገኘሁ። ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ለምን አስጠማዋለሁ?»

ይህን ብሎ ጎንበስ አለና የአልጋውን ጫፍ አነሳ። «ያዢ» አለኝ።

ልይዘው አልቻልኩም። ልጁ አቃቂ ከተመለሰ ጀምሮ ሌት ተቀን የማስበው ድሬዳዋን እንዴት እንደምለያት ነበር፤ ጎዳናዋን፣ አሸዋዋን፣ ሙቀቷን። የምለየው ከአባቴ መሆኑ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገባኝም ነበር። እንግዶቹ እንዳይሰሙኝ አፌን በሁለት እጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አባቴም አልጋውን እንደያዘ ጠበቀኝ።